ያልተላለፈው ጥሪ

«እንደ ቆማችሁ ቁሙ! የማላምነው ሽማግሌ ቤቴ አይቀመጥም!» አለ አስማረ፣ ክላሹን ከትከሻው ሳያወርድ በሩ ላይ ተገትሮ። ታናሽ ወንድሙ በግጦሽ ጠብ ተገድሎ ትናንት ነው የተቀበረው።

ከጎንደር በአንድ መኪና የመጡት ሦስቱ አስታራቂዎች ደጁ ላይ ቆሙ፤ መምህር ሐብተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን፣ ሐጂ ሐምዛ ከመስጊድ፣ እንኳየሁ ደግሞ ከአንድ የሰላም ድርጅት። የሦስቱ ውል አንድ ነበር፤ ጠብ የሸተተው ሰው ለአንዳቸው ከደወለ፣ የሰማው በዚያው ቀን ለሁለቱ ይናገራል፤ አብረውም ይወጣሉ። ብቻውን የወጣ እንደሁ «ወገን ይዞ መጣ» መባሉ አይቀርማ።

«ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ ነው» አለ አስማረ። «ይኼ አያ አምሐ ጠቡ ሳይፈነዳ ጎንደር ደውዬ ነበር ይላል። ለማን ደወለ?»

«እኛ ዘንድ አልደረሰም» አሉ መምህሩ።

«ወላሂ፣ እኛም አልሰማን» አሉ ሐጂ ሐምዛ።

አስማረ ለቅሶ ሊደርሱ ወደ መጡት ሽማግሌ ዞረ። «አየህ አያ አምሐ! ለገዳዩ ዘመድ ነህ፤ ዝም ብለህ አስገደልኸው። ደሙን የምፈልገው ካንተ ነው!» ብሎ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ አቀባበለና ደገነባቸው።

አያ አምሐ ዱላቸውን ተመርኩዘው እንኳየሁን አንድ ጊዜ አዩዋትና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ስሟን አልጠሩም። እሷ ግን በቁሟ ተቃጠለች።

ባለፈው ሳምንት የደወሉት ለእሷ ነበር። «ልጄ፣ ጎረምሶቹ ጥይት እየሸመቱ ነው፤ ቄሱንም ሼኩንም ይዘሽ ቶሎ ነይ» ሲሏት፣ «እሺ፣ አያ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያስ? ከዚያማ ቅናት ያዛት። ባለፈው ሌላ መንደር ሲታረቅ የለፋችው እሷ፣ የተመሰገኑት መምህሩ ነበሩ። ይኼኛውስ የድርጅታችን ብቻ ይሁን ብላ፣ አለቃዋ ከአዲስ አበባ እስኪመለስ አቆየችው። የሰው ነፍስ ለምስጋና ተብሎ ይቆያል? አቆየችው እንግዲህ። አለቃዋ ሳይመለስ ጥይቱ ቀደመ።

አሁንም ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ሽማግሌው እንደሆኑ አይናገሩም። እሳቸው ከተገደሉ ግን ነገ ልጆቻቸው ይነሣሉ፤ ከነገ ወዲያ የእነ አስማረ ዘመዶች።

«ለእኔ ነው የደወሉት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ለእኔ ነገሩኝ። ለእነዚህ አባቶች ሳልነግር ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ሐምዛ «ያ አላህ» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

«ምነው?» የአስማረ ድምፅ ተሰበረ። «ምነው እቴ፣ አንድ ስልክ መደወል አቅቶሽ ነው?»

«አላቃተኝም። ሥራው በድርጅታችን ስም ብቻ እንዲጠራ ፈልጌ ነው።»

የክላሹ አፈ ሙዝ ከአያ አምሐ ላይ ወረደ። አስማረ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም።

በዚያ አገር የደም ይቅርታ የሚለመነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ የሚሸከመውም የገዳዩ ወገን ነው። እንኳየሁ ጎንበስ ብላ ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሣች።

«ተይ ልጄ፣ ይኼ ያንቺ አይደለም» አሉ መምህሩ፣ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘርግተው።

«የእኔም ነው» አለች። ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ በአስማረ እግር ሥር ተንበረከከች።