ሦስት ቀን ብቻ

ልብስ ሰፊዋና ባሏ ከቤት ከወጡ አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ባሏ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው በር እያንኳኳና የሰው ውሻ እያባረረው ስለኖረ እግሩ መንገድ አይፈራም። ጉዞውን ያመጣውም እሱ ነው። እናቱ አራት ዓመት አልጋ ላይ ሲውሉ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው ሚስቱ ነበረች። እሱ «ወንድ ልጅ የናቱን ገላ አያይም» እያለ በሩ ላይ ቆሞ ደህና አደርሽ ይል ነበር፤ ከዚያ ወደ ቆጣሪው። እናቱ ባረፉ በሁለተኛው ወር ግን አንድ ማታ መጥቶ፣ «አሁን ደግሞ አንቺ አገር ታያለሽ» አላት። ኪሳቸው አገር የሚያሳይ ኪስ አልነበረም። ቢሆንም ሁለት የጀርባ ሻንጣ አዝለው፣ ርካሽ ርካሹን እየመረጡ ተነሡ።

በጎ ቀን አልጠፋም። አንድ ጊዜ በሽንኩርት ጆንያ አናት ላይ ተቀምጠው በጭነት መኪና ተራራ ሲወርዱ እንባዋ እስኪፈስ ስቃለች። ስምንት አልጋ በተደረደረበት ክፍል፣ የማያውቁት ሰውዬ በእንቅልፍ ልቡ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ እየሰሙ ሁለቱም አንሶላ ነክሰዋል። ክፉውም ቀን አልቀረ። የታክሲ ላለመክፈል ከመናኸሪያ ሰባት ኪሎ ሜትር አስኪዷት ተረከዟ ተልጦ፣ ሁለት ቀን እንደ ዲዳ በምልክት ተነጋግረዋል። ለገላም ለፀጉርም ለልብስም አንድ ሳሙና ነበረቻቸው፤ እሷም አለቀች።

ብስክሌት ጠጋኙን ያገኙት ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው። መኝታ እንደሚፈልጉ ሲሰማ፣ ከጋራዡ ጀርባ ክፍል እንዳለው፣ ዋጋም እንደማይጠይቅ ነገራቸው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መለዋወጫ ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ አልጋ ላይ ያሉ እናቱን ሦስት ቀን እንዲያዩለት። ቆጣሪ አንባቢው አፉን ሞልቶ ችግር የለም አለ። ወደ ሚስቱ ዞር ያለው እጅ ከተጨባበጡ በኋላ ነው።

«አንቺ መቼም ታውቂበታለሽ» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ዋጠችው። ሦስት ቀን ምን አላት?

እናትየው የተኙባት ክፍል ከእነሱ ክፍል ጎን ናት፣ ጠባብ። ያለቻት አንዲት መስኮት፣ እሷም የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የምትከፈተው። ከጣሪያው የብስክሌት ጎማ ተንጠልጥሏል፤ የማጣበቂያው ሽታ ራስ ያዞራል። ውሃ ከግቢው ቧንቧ በባልዲ ይቀዳል። እናትየው ወገባቸው ከድቷቸው ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። በየሦስት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ይቆስላሉ። ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያው ጠዋት አንሶላውን ስታነጥፍ እጇ ሥራውን ምንም እንዳልረሳ አየች። ያስፈራትም ይኸው ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ እዚያው ክፍል የተመለሰች መሰላት።

አራተኛው ቀን መጣ፣ ጠጋኙ አልመጣም። አምስተኛውም አለፈ። ስልኩ ዝግ ነው። ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ፣ «ይመጣል እንጂ እናቱን ጥሎ ወዴት ይሄዳል?» አለች። አደራ እንዳይሰጧት ደግሞ እሷም የምታስታምመው እንዳላት ቶሎ ጨመረችበት። በስድስተኛው ቀን ቆጣሪ አንባቢው፣ ለቀበሌ ነግረን ብንሄድስ ሲል አነሣ። ልብስ ሰፊዋ ውሃ እንኳ ማንሣት የማይችሉ ሴትዮ ለቀበሌ ወረቀት ጥላ ለመሄድ አንጀቷ እንቢ አላት። መሄድም አልሆነላት፣ መቆየትም አልሆነላት።

ከዚያ ወዲህ እሱ ጠጋኙን ልፈልግ እያለ ጠዋት ይወጣል። ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ድልድዩ፣ ስላገኛቸው ሰዎች ያወጋታል። በዘጠነኛው ቀን ፀጉሩ ረጥቦ ገባ። ወንዙ ውስጥ ሲዋኝ ነው የዋለው። ውሃው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ዓሣው እግር ሥር ሲሽሎከሎክ እንደሚታይ እየነገራት፣ «ነገ አንቺም ሄደሽ ታይዋለሽ» አላት። እሷ የሽንት ጨርቅ እየጨመቀች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን አዘለች።

«ወዴት ነው?»

«ወደሚቀጥለው ከተማ። ጠጋኙ እስኪመጣ አንተ ትጠብቃለህ።»

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው፣ እኔ እኮ አልችልበትም አለ። እሷም ስትጀምር አትችልበትም እንደነበር ነገረችውና ልትሰናበት ወደ አሮጊቷ ገባች። እሳቸው ግን በቀጭኑ ግድግዳ ሁሉን ሰምተዋል።

«ሂጂ ልጄ። ያም ልጄ ደክሞት ነው የሄደ፣ አትርገሚው። ባልሽ ውሃ ማቀበል ከቻለ ይበቃኛል።»

አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጥ ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። በሚቀጥለው ከተማ በጋራ መኝታ ክፍል መስኮት ዳር አልጋ ያዘች። እስከ እኩለ ቀን መተኛት አማራት፣ ግን በየሦስት ሰዓቱ ትባንናለች። እንቁላሏን ስትበላ ለሌላ ሰው እንደምታጎርስ አድቅቃ አድቅቃ እንደቆራረጠችው አየች። ባሏን ከዚያ ክፍል ዘግታበት መጣች እንጂ፣ እሷም ከክፍሉ ገና አልወጣችም። ስልኳን ደጋግማ ታያለች። ሦስት ቀን አልደወለም።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ደወለ። ድምፁ ደክሟል።

«ሳገላብጣቸው ያማቸዋል። አይናገሩም፣ ግን ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። እንዴት ነው የማደርገው?»

«በየትኛው ጎን ነው የተኙት?»

«በጀርባቸው።»

«የወዲያኛውን ጉልበታቸውን እጠፍ። አንድ እጅህን ዳሌያቸው ላይ፣ አንዱን ትከሻቸው ላይ አድርግና ቀስ ብለህ ወዳንተ ሳብ። አትግፋቸው። ከጀርባቸው ትራስ አስደግፍ።»

ስልኩን አስቀምጦ ሲሄድ ሰማች። አልጋው ሲንቋቋ፣ እሱ «ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ» ሲል ሰማች። ቆይቶ ተመለሰ።

«እማዬን እንዲህ ነበር የምታገላብጫት?»

«እንዲህ ነበር።»

«ሌሊትም?»

«ሌሊትም።»

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

ጠጋኙ በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣ፤ ቆጣሪ አንባቢው በማግስቱ እሷ ዘንድ ደረሰ። ከስቷል፣ እጁ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ማረፊያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ነገራት። ሰውዬው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ፣ ወዳጁ ቤት ነው የከረመው። ዕቃውን በመጀመሪያው ቀን ገዝቷል። ከዚያ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው፤ አንድ ሌሊት ሳይነሣ ሲያድር በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነበር። ነገ እሄዳለሁ እያለ ቀኑ ከእጁ አመለጠ።

«ኮሌታውን ይዤ ላንቀው ነበር ያሰብኩት» አለ ባሏ። «ሳየው ጊዜ ግን ወንበር አመጣሁለት።»

ልብስ ሰፊዋ የተሰነጣጠቀ እጁን አየች።

«አላውቅም ነበር» አለ።

«ታውቅ ነበር። ላለማየት ነው በር ላይ የምትቆመው።»

አልተከራከራትም። ተከራክሮ ቢሆን ይቀላት ነበር። ክፍሉ ሲገቡ አጠገቧ ያለው አልጋ ባዶ መሆኑን አይቶ ሻንጣውን ሊያኖር ሲል፣ በሩ ዳር ያለውን እንዲይዝ ነገረችው። ያዘ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚቀሰቀሰው የዚያ አልጋ ባለቤት ነው።

ጠዋት የት እንሂድ ብሎ ጠየቃት፤ ወደ ሐይቁ አለችው። አውቶቡሱ ላይ ፊት ወንበር ገብታ፣ ሁለት ዶሮ ከያዘች ሴትዮ ጎን ተቀመጠች። እሱ ከኋላ ጥግ አገኘ። እኩል መንገድ ላይ ሴትዮዋ ዶሮዎቿን ሰብስባ ስትወርድ፣ ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ባዶው ቦታ ላይ አኖረች። ቆጣሪ አንባቢው እየተወዛወዘ መጥቶ ከወንበሩ አጠገብ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

«ልቀመጥ?» አላት።

አውቶቡሱ ሁለት መታጠፊያ አለፈ፤ እሱ ብረቱን ይዞ እንደቆመ ነው። ከዚያ ሻንጣዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።