ማንሻውን የያዘ ሰው

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሰይፉ የካፕሱል ቡና ማሽናቸውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመልሱ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የምሥራችም አብረው ተመለሱ። ማሽኑ ከካርቶን እንደ ወጣበት ቀን ሆነ። ወይዘሮ የምሥራች ደግሞ አቶ ሰይፉን ከማወቃቸው በፊት እንደ ነበሩት ሆኑ። መልካቸው አልተለወጠም። ሽበታቸውም፣ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት መነጽርም በየቦታው ነበር።

ማሽኑን ያመጣላቸው ልጃቸው ነው፤ ከሥራ ጉዞ ሲመለስ። ጥቁርና ጠባብ ዕቃ ሲሆን፣ ከኋላው የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ከላዩ ሁለት ቁልፎች፣ ከጎኑ ደግሞ የተፈጨ ቡና የታሸገበትን ካፕሱል የሚበሳ የብረት ማንሻ አለው። አንድ ካፕሱል የሚበቃው ለአንድ ሲኒ ነው። ወይዘሮ የምሥራች ይህን አልተቀበሉም። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ አንድ ሲኒ ጨልጦ መነሣት በእርሳቸው ቤት ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ አንዱን ካፕሱል ሳያወጡ ሦስት ጊዜ ውኃ ያሳልፉበት ነበር። ሦስተኛው ሲኒ ከእጣቢ እምብዛም አይለይም። ቢሆንም በረካ ስለሆነ፣ ከፊት ለፊት ጎረቤታቸው ከእትዬ አሰገደች ጋር ተቀምጠው በክብር ይጠጡታል።

«ይኼ ነገር ግን ቡና ነው የሚያፈላው ወይስ ልብስ ነው የሚሰፋው?» ይላሉ እትዬ አሰገደች፣ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር።

«እትዬ፣ ዝም ብለው ይጠጡ። ለፋሲካ ቀሚስ አሰፋልዎታለሁ» ይላሉ ወይዘሮ የምሥራች።

በዚያ ቅዳሜ ማሽኑ በረካውን አጋምሶ ቆመና ቀይ መብራት አበራ። አቶ ሰይፉ ዕድሜያቸውን በሕግ ረቂቅ አርትዖት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ መመሪያ የሚያነቡት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው መልሰው ሰኩት። ከሮቶ የተቀዳው ውኃ አሸዋ ይዞ እንደሆነ ለማየት ማጠራቀሚያውን አጠቡት። ፓምፑ ውስጥ የገባ አየር ካለ እንዲወጣ ያለ ካፕሱል ሞቅ ያለ ውኃ አሳለፉበት። የውኃው ጨው ተጋግሮበት እንደሆነም ብለው በሎሚ አጸዱት። ቀዩ መብራት አልጠፋም። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ይህ ሁሉ ካልረዳ ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ እንደሚቻል ተጽፏል። ለዚህም ማንሻውን ወደ ታች ይዞ፣ ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጅ አንድ ላይ መጫን ያስፈልጋል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ሦስት እጅ ሳይኖረው አልቀረም።

«የምሥሬ፣ ነይማ ይቺን ማንሻ ያዢልኝ።»

«እኔ ድሮም ብዬሃለሁ፤ ለእትዬ አሰገደች ስጣቸውና እንገላገል።»

«ያዢ፣ ያዢ፤ አትልቀቂ።»

ወይዘሮ የምሥራች ማንሻውን ያዙ። አቶ ሰይፉ ሁለቱን ቁልፎች ተጫኑ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ፤ በቦታው ነጭ መብራት በራ። ወይዘሮ የምሥራች እጃቸውን አነሡና ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይቅርታ» አሉ። «የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

አቶ ሰይፉ ቀልድ መሰላቸው፤ ባለቤታቸው ቀልደኛ ናቸው። «እንደዚያ ነው የሚባለው። ምን ልታዘዝ?»

«ቦርሳዬን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋብኝ። ሽሮ ሜዳ አክስቴ ይጠብቁኛል።»

የሽሮ ሜዳዋ አክስት ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አቶ ሰይፉ ቀብራቸው ላይ ነበሩ። እንግዳቸውን ሳሎን አስቀመጧቸውና በመመሪያው ጀርባ ወዳለው የደንበኞች አገልግሎት ደወሉ። አንዲት ትሑት ሴት አነሣች።

«ማሽኑ አሁን ይሠራል፣ ጌታዬ?»

«ማሽኑ ይሠራል። ባለቤቴ ግን አታውቀኝም።»

«ማንሻውን የያዙት እርሳቸው ነበሩ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አብረው ተመልሰዋል። ካፕሱሉን ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠቅመውበት ነበር?»

«ሦስት ጊዜ። በረካ ድረስ።»

«ገባኝ» አለች ሴትየዋ፤ በድምፅዋ ወቀሳ አልነበረም።

«ወደ ነበረችበት መመለስ ይቻላል?»

«ወደ ፋብሪካ ይዞታ የተመለሰ ነገር ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ጌታዬ። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?»

አቶ ሰይፉ አመስግነው ስልኩን ዘጉ። ሳሎን ሲገቡ ወይዘሮ የምሥራች በግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶግራፍ ቆመው ይመለከቱ ነበር።

«ሙሽራዋ እኔን ትመስላለች» አሉ። «ሰው ከሰው ይመሳሰላል።» ከዚያም ከጣታቸው ላይ ቀለበት አውልቀው ዘረጉላቸው። «ይህን ጣቴ ላይ አገኘሁት፤ የእኔ አይደለም። ለባለቤቱ ያስረክቡልኝ።»

አቶ ሰይፉ ቀለበቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

በዚህ መካከል እትዬ አሰገደች እንደ ወትሯቸው ሳያንኳኩ ገቡ። ወይዘሮ የምሥራች ብድግ ብለው፣ ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚደረገው እጅ ነሡ። እትዬ አሰገደች እርሳቸውን አዩ፤ ወደ ማድ ቤቱም አንገታቸውን አስግገው ነጩን መብራት አዩ። ከዚያም አቶ ሰይፉን በክንዳቸው ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጧቸው።

«መለሷት?»

«ማንሻውን ይዛ ነበር።»

«የእህቴ ባል የልብስ ማጠቢያ ማሽናቸውን ሲመልሱ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ስለ መስተንግዶው አመስግኖ ወጣ። አሁን አዳማ ሌላ አግብቶ፣ ደህና ነው የሚኖረው።»

«እህትዎስ?»

«እሷማ ልብስ በእጇ ታጥባለች።»

«እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

«ቡና ያቅርቡላት። አስተዳደጓ ነው የሚይዛት፤ በረካ ሳትጠጣ አትነሣም። ከበረካ በኋላ ግን አታቆሟትም። የሚሉትን ሁሉ ከዚያ በፊት ይበሉ።»

«አብረውን አይጠጡም?»

«እኔ ካለሁ ወሬው ወደ እኔ ይዞራል። ይልቅ ፈጠን ይበሉ፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።»

እትዬ አሰገደች ወጡ። አቶ ሰይፉ አዲስ ካፕሱል አስገብተው አቦሉን ቀዱ። ማሽኑ እንደዚያ ዕለት ሠርቶ አያውቅም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አረፋው ወፍራም ነበር። ወይዘሮ የምሥራች፣ ደንቡ ነውና፣ «ኧረ አይቸገሩ» እያሉ አንገራገሩ፤ በኋላም ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ሲኒውን ከአፋቸው አራቁት።

«ጨው አለበት።»

«እንደዚያ ነው የሚወዱት።»

«እንደዚያ ነው የምወደው። እርስዎ እንዴት አወቁ?»

አቶ ሰይፉ ይህ ጥያቄ መልካም ምልክት መሰላቸው። ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል ቢያስረዱ፣ በደንብ እንደ ተረቀቀ አንቀጽ ይገባቸዋል ብለው አሰቡ። ቶናውን አቀረቡና ጀመሩ። ወይዘሮ የምሥራች በልጅነታቸው ከወፍጮ ቤት ደረጃ ወድቀው ያተረፉትን የጉልበት ጠባሳ ነገሯቸው። ሲተኙ ቀኝ እጃቸውን ከጉንጫቸው ሥር እንደሚያደርጉ ነገሯቸው። ነጎድጓድ ሲሰሙ ለማንም ሳይናገሩ መስተዋቱን በነጠላ እንደሚሸፍኑ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ እንደሚል ነገሯቸው። ከተናገሩት ውስጥ አንድም ስሕተት አልነበረም። ወይዘሮ የምሥራች በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ ሶፋው ጠርዝ ይጠጉ ነበር። በመጨረሻ ቦርሳቸውን ከጎናቸው አግኝተው ጉልበታቸው ላይ አቀፉት።

«እርስዎ ስለ እኔ ብዙ ያውቃሉ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «እኔ ስምዎን እንኳ አላውቅም። ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ነገር ግን እንዲህ ከሚያውቀኝ ሰው ጋር አንድ ቤት መቀመጥ አልችልም። በረካውን ያድርሱልኝና ልሂድ።»

ባለቤታቸው በእርሳቸው ላይ ተናደው ያውቃሉ፤ አኩርፈውም ያውቃሉ። ፈርተዋቸው ግን አያውቁም። አቶ ሰይፉ ሲኒዎቹን ሰብስበው ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ ማሽኑ ፊት ቆመውም ጉዳዩን መረመሩት። ከሁለቱ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ ችግሩ ይኸው ነው። ይህን ማስተካከል የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ወይዘሮ የምሥራች የረሱትን መልሰው እንዲያውቁ ማድረግ ነው፤ ይህ እንደማይቻል በስልክ ተነግሯቸዋል። ሁለተኛው ይቻላል።

«ይቅርታ» ብለው ወደ ሳሎን ተጣሩ። «አንድ ነገር ላስቸግርዎ? ይህ ማሽን ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

ወይዘሮ የምሥራች ቦርሳቸውን እንዳነገቱ መጡ፤ ከበሩ ላይም ቆሙ።

«እኔ ይህን ማንሻ እይዛለሁ። እርስዎ እነዚህን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑልኝ። መብራቱ ጠፍቶ እንደገና ነጭ እስኪሆን አይልቀቁ።»

«ከዚያ በረካው ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ከዚያ እሄዳለሁ።»

«ከዚያ እንደ ፈቃድዎ።»

አቶ ሰይፉ ማንሻውን ወደ ታች ያዙ። ብረቱ ሞቃት ነበር። ወይዘሮ የምሥራች ጣቶቻቸውን ቁልፎቹ ላይ አደረጉ። በዚያች ቅጽበት አቶ ሰይፉ የባለቤታቸውን ፊት፣ አንድ ገጽ ከመታተሙ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚነበብ፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። የሚታረም ነገር አላገኙበትም።

«አሁን ልጫን?»

«ይጫኑ።»

መብራቱ ጠፋ። ተመልሶ ነጭ ሆኖ በራ።

ሰውየው እጃቸውን ከማንሻው ላይ አነሡ። ክፍሉን ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ከዚያም ሴትየዋን አይተው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ» አሉ። «ሰው ማድ ቤት ሳላስፈቅድ ገባሁ መሰለኝ።»

ወይዘሮ የምሥራች በጥርጣሬ አዩዋቸው። «ቤቱ የእርስዎ አይደለም?»

«የእኔ? እኔ ቀበና ነው የምኖረው፤ በደባልነት። ይህን ቤት ገና አሁን ነው የማየው።»

«ቡናዬን በምን እንደምጠጣ ያውቃሉ?»

አቶ ሰይፉ አሰቡበት። «በስኳር ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ ግን አይቀየሙኝ፤ ከዛሬ በፊት አይቼዎት አላውቅም።»

ወይዘሮ የምሥራች ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። «በጨው ነው።»

«በጨው!» አሉ አቶ ሰይፉ። «ቡናውን ነው ወይስ ወጡን?»

«እኔ ያደግሁበት አገር ሁሉም በጨው ነው የሚጠጣው። ቀበና ይህን አልሰማችም?»

«ቀበና ብዙ ነገር አልሰማችም።»

በረካው በሁለት ሲኒ ወርዶ ነበር። ይዘውት ሳሎን ገቡና አንዱ ሶፋ ላይ፣ በመካከላቸው የጨዋ ርቀት ትተው ተቀመጡ። ወይዘሮ የምሥራች ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወለሉ ላይ አኖሩት። አቶ ሰይፉ ሲኒውን ሲያነሡ ጣታቸው ላይ ቀለበት አዩ፤ ደነገጡና አውልቀው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሌላው ቀለበት አጠገብ አስቀመጡት። ማንም እንዳይጠረጥራቸውም እጃቸውን ከጠረጴዛው አራቁ።

«የቤቱ ባለቤቶች እነዚያ ይሆናሉ» አሉ፣ ፎቶግራፉን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ደስ ይላሉ።»

«ደስ ይላሉ። ቅድም አንድ ሰውዬ ነበሩ፤ ባለቤቱ እርሳቸው መሰሉኝ። እርስዎን ይመስላሉ። አሁን የሉም።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ያዘኑ ሰው ናቸው» አሉ ወይዘሮ የምሥራች።

በረካው ቀጭን ነበር፤ ቀስ ብለው ጠጡት። አቶ ሰይፉ ጨው ይጨመርላቸው ዘንድ ጠየቁ፤ ቀመሱትና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ወይዘሮ የምሥራች እንደገና ሳቁ። ሲኒዎቹ ባዶ ሲሆኑ ሁለቱም አልተነሡም።

«መሄድ ነበረብኝ» አሉ ወይዘሮ የምሥራች።

«እኔም። ግን ባለቤቶቹን ሳንሰናበት?»

«እውነትዎን ነው። ነውር ነው።»

ስለዚህ ጠበቁ። ፀሐይዋ ከምንጣፉ ወደ ግድግዳው እስክትወጣ ድረስ ስለ ቀበና ወንዝ፣ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ተጫወቱ። በኋላ ከመኝታ ቤቱ ድምፅ ተሰማ። አልጋ ሲጥ አለ። የሁለት ሰው ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጎተተ ወደ በሩ መጣና ከበሩ ወዲያ ቆመ።

እንግዶቹ እንደ ደንቡ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ኖር!» አሉ ሁለቱም ባንድነት።

«በእግዚአብሔር! ኧረ በእግዚአብሔር! ተቀመጡ!» አሉ ከውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት።

የወንዱ ድምፅ ቅድም አቦሉ ላይ ጨው የጨመሩላቸው የዚያ ያዘኑ ሰውዬ ድምፅ እንደሆነ ወይዘሮ የምሥራች ለዩት። የሴትየዋ ድምፅ የራሳቸው ነበር። ወደ አቶ ሰይፉ ጠጋ አሉ፤ አቶ ሰይፉም አልራቁም። የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። እጀታው፣ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው እንደ ማሽኑ ማንሻ ጥብቅ አድርጎ የያዘው ይመስል፣ እንደ ወረደ ቆመ።