ጀልባ የምትጎትት መኪና

ስለ መኪና ዋሽቼ አላውቅም። ስለ ሌላው እንደማንኛውም ሰው እዋሻለሁ፤ ዕድሜዬን እቀንሳለሁ፣ ስልክ ሳላነሳ ቀርቼ «ተኝቼ ነበር» እላለሁ። መኪና ላይ ግን ምላሴ አይታጠፍም። ጋራዥ ውስጥ «ዳኛዋ» የሚሉኝም ለዚህ ነው። ገዢም ሻጭም ከመኪናው ስር እስክወጣ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ የምለውን ሰምቶ ወይ ይጨባበጣል ወይ በየፊናው ይሄዳል። አሁን የማወራችሁ ስለዋሸሁባት ስለ አንዷ መኪና ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ጀልባ ነው። አባቴን ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። የሰፈር ሰው ሥራ ሲፈታ! አባቴ ሠላሳ ዓመት በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው፤ ዋና እንኳ አይችልም። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ወር አንድ ጭነት እንጨት አስመጣና ግቢ ውስጥ አራግፎ «ጀልባ እሠራለሁ» አለ። ሐይቁ ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሰው ሁሉ አበደ አለ። እኔ ግን ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ከማየው ቆሞ ሲቆርጥ ልየው ብዬ፣ ሆዴም ባብቶ ስለነበር፣ «አይዞህ አባዬ፤ ጀልባህ ውሃ ሳይነካ እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» አልኩት። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

ይኸው ሰባት ዓመት።

ጀልባው የተሠራው ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ላይ፣ በእኔ ክፍልና በአጥሩ መሀል ነው። በመጀመሪያው ዓመት አጥንቱ ብቻ ስለነበር በእንጨቶቹ መካከል ሰማይ ይታየኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጎኑ ተሸፈነና መስኮቴን ድርግም አደረገው። ከዚያ ወዲህ እኔ ክፍል ቀንም አምፖል ይበራል። በሬ አንድ ክንድ ተከፍቶ ጀልባው ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ የምገባው በጎኔ ነው፣ መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ከዚያ የቀረው። ጠግቤ የበላሁ ቀን ትንሽ ውጭ ተቀምጬ ምሳዬ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና በሚያስገባ በር ሳይቀር በጎኔ ስገባ እያዩ የሥራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ጠዋት ጠዋት አባቴ እንጨቱን በሸካራ ወረቀት ሲፈትግ ብናኙ እየገባ ትራሴ ላይ ይተኛል። እየሳልኩ እነሳለሁ።

ዘንድሮ ጀልባው አለቀ፤ ተቀብቶ ደረቀ። የቀረው የሚጎትተው መኪና ብቻ ሆነ። በዚያው ሰሞን ለእኔም ደብዳቤ መጣልኝ። የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ያለ የከባድ ማሽኖች መጠገኛ በክፍል ኃላፊነት ሊቀጥረኝ ፈልጓል፤ መኖሪያም ይሰጣል፤ መልሱን እስከ ዓርብ ይፈልጋል። ለአባቴ አላሳየሁትም። የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከመፍቻዎቹ ስር ደበቅኩት። ጀልባው ከግቢ ወጥቶ ውሃ ከነካ ቃሌን ጠበቅኩ ማለት ነው፤ ደውዬ «መጣሁ» እላለሁ። ካልወጣ ግን እዚያችው አምፖል ስር አርጅቼ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ።

ያገለገለ ፎርዊል መኪና መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጀልባ ለመጎተት ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ኮፈን ከፍቶ የሞተር ጉልበት ይጠይቃል። መጎተትማ በሬም ይጎትታል! ቁም ነገሩ ማቆም ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጀልባው ከኋላ ሲገፋ የሚይዝ ፍሬን ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ «ይቺ መኪና ጀልባ ስትጎትት የኖረች ናት» ካሏችሁ ሳትሰናበቱ ሽሹ። ጀልባ በወረደ ቁጥር ኋላዋ ውሃ ውስጥ ሲነከር የኖረ መኪና ከፊት ሙሽራ፣ ከኋላ ሬሳ ናት። ሻንሲዋን፣ አካሏን የሚሸከመውን ብረት፣ በመዶሻ መታ ሲያደርጉት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

ደላላችን «እርግጡን» ይባላል። አፉን በከፈተ ቁጥር «እርግጡን ልንገርሽ» ስለሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን እርግጥ ሆኖ አያውቅም። ሰባት መኪና አሳየን። አራቱን የጣልኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዷማ ሻንሲዋ በቀለም ብቻ ነበር የተያያዘችው። ሦስቱን የጣላቸው አባቴ ነው፤ የሚገርመው ጥሩ ጥሩዎቹን ነው የጣለው። አንዷን «መሪዋ ይከብዳል» አለ፣ በአንድ ጣት የሚዞረውን መሪ። ሁለተኛዋን «ወንበሯ ወገብ ያሳምማል» አለ። ሦስተኛዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ዓይኗ አላማረኝም» አለ።

«አባዬ፣ መኪና ነው ወይስ ምራት ነው የምትመርጠው?» አልኩት ቆሽቴ እያረረ።

«ምራትማ ትመጣለች እንጂ ሰው አትወስድም» አለና ቀድሞኝ ሄደ። ሽማግሌ ሲደክመው የሚለው ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ስምንተኛዋን ያየናት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ሃያ ዓመት በዚህችው መኪና ጭቃ ለጭቃ እየሄዱ ያዋለዱ፣ አጭርና ፈጣን ሴትዮ። ቁልፉን ሲሰጡኝ «አንድ ሁለቱ ከኋላ ወንበር ላይ ነው የተወለዱት፤ ታጥቧል፣ አትስጊ» አሉኝ። ወደድኳቸው።

መኪናዋንም ወደድኳት። ዳገት መሀል አቁሜ አስነሳኋት፤ ወደ ኋላ ስንዝር አላለችም። ቁልቁል ለቅቄ ፍሬን ያዝኩ፤ ግራም ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። መሪዋን እስከ መጨረሻው አጥፌ አዞርኳት፤ ሲጥ አላለችም። የካምቢዮ ዘይቷን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩ፤ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ግቢያቸው መልሼ አቆምኳትና ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ከስሯ ገባሁ። በትንሿ መዶሻዬ ሻንሲዋን ከፊት ወደ ኋላ ኳ፣ ኳ እያደረግኩ ሄድኩ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ የበሰበሰ ድፍን ይላል። ይቺ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸችልኝ። እዚያው ተጋድሜ፣ ዘይት እየሸተተኝ፣ ሻንጣዬን ሳሰናዳ ታየኝ።

መዶሻዬን አሳርፌ የእጅ መብራቴን ሳጠፋ የአባቴ ጫማ ወደ መኪናዋ ቀረበ፤ ሙጫ የደረቀበት ጫማ። ከጎኑ የነርሷ ነጠላ ጫማ ቆመ። አባቴ በመጋዝ ጩኸት ጆሮው ስለደከመ፣ ሹክ ያለ ሲመስለው የሚጮህ ሰው ነው።

«እህቴ» አለ፣ ሹክ ብሎ መሆኑ ነው። «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ልጅቷ ስትወጣ ‹ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሏል› ይበሉልኝ።»

«ማን ከፈለ?»

«ማንም አልከፈለ። ይበሉልኝ ብቻ።»

«ምነው፣ መኪናዋን አልወደዷትም?»

«ወድጃት እንጂ! ችግሩ እሱ አይደል!» አለ አባቴ። «ጀልባው ከወጣ ልጄም ትወጣለች። ቃሏ ነው እስካሁን የያዛት። ደብዳቤ መጥቶላታል፤ ከመፍቻዎቿ ስር አይቼዋለሁ። እኔ ጀልባ ምን ያደርግልኛል? ውሃ እፈራለሁ። ሁለት ጊዜ ሊያልቅ ሲል ሁለት ጊዜ ‹እንጨቱ ተጣመመ› ብዬ አፍርሼዋለሁ። ዘንድሮ ሰበብ አለቀብኝ።»

ደሜ ፈላ። አራተኛው ዓመት ላይ «እንጨቱ ተጣመመ» ብሎ አንድ ጎኑን ሲነቅል መዶሻ ይዤ ያገዝኩት እኔ ነኝ! የራሴን መስኮት መልሼ ልደፍን ሚስማር ያቀበልኩት እኔ ነኝ! ወጥቼ ልጮህበት ፈለግኩ። ግን ሻንሲው ከአፍንጫዬ በላይ አንድ ስንዝር ነው፤ ትንሽ ብንቀሳቀስ መስማቴን ያውቃል። ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ከጀልባ ስር ወጣሁ ስል መኪና ስር ገባሁ።

ነርሷ የምሰማ መሆኔን ሳያውቁ አይቀሩም፤ ነጠላ ጫማቸው ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ የእኔ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ማውጣት ነበር» አሉ። «አልወጣም ያለ ልጅ ስንቱን አይቻለሁ። አላስወጣም ያለች እናት ግን አላጋጠመችኝም።»

የአባቴ ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እናት አይደለሁማ» አለ። «እናቷ ብትኖር መቼ እንዲህ እሆን ነበር። ሲመሽ ቤቱ ጭር ይላል። የአምፖሏ ብርሃን በበሯ ስር ሲወጣ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አንጀቴን በላው። ደሜ እየፈላ አንጀቴን በላው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ አላወቅኩም። እዚያ ካርቶን ላይ ተጋድሜ ሰባቱን ዓመት ቆጠርኩ፣ ደብዳቤውን አሰብኩ፣ እሱን ብቻውን በጨለማ ቤት አሰብኩት። ከዚያ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ።

ደላላው እርግጡን ከቆመበት ከግቢው በር መጣ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ነርሷ ቁልፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እሺ ዳኛዋ?» አለ እርግጡን።

«ሻንሲዋ በስብሷል» አልኩ። «ከኋላ አልቋል። ጀልባ ቀርቶ ጋሪ አትጎትትም።»

ነርሷ «የኔ መኪና?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን አዩና መልሰው ዘጉት። አባቴ ደስ ሊለው ነበር የሚገባው። ሳያስቸግር፣ ማንንም ሳያስዋሽ ነገሩ ተዘጋለት። እሱ ግን ቀና ብሎ እያየኝ ቀረ።

«የቱ ጋ?» አለኝ።

«ከኋላ አልኩህ እኮ።»

ከዚያ ወደ መሬት ወረደ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት እንደ ቁም ሳጥን ተጋድሞ ነው የገባው፤ እርግጡን እግሩን ይዞ አገዘው። ከስር ሆኖ ብረቱን በጣቱ መገጣጠሚያ እየቆረቆረ ሲሄድ ይሰማናል፤ ዕድሜውን ሙሉ የበሰበሰ እንጨት ሲፈልግ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። እስከ ኋላ መንጠቆው ደረሰ። ሲወጣ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። አቧራ ብቻ ነው፤ ዝገት የለም።

«ዋሸሽ» አለኝ። አልጮኸም። «ስለ መኪና ዋሸሽ።»

«ውስጥ ለውስጥ ነው፤ በእጅ አይታወቅም።»

«ሰምተሽኛላ።»

«አንተ ሹክ ስትል ማን የማይሰማ አለ!» አልኩትና እንባዬ መጣ።

«እርግጡን ልንገራችሁ፣ እኔም በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለ እርግጡን። በሕይወቱ አንዴ እውነት ተናገረ።

አባቴ ወደ ነርሷ ዞረ። «ቀብድ የከፈለ ሰው የለም አይደል?»

«የለም» አሉ።

«እንግዲያው እኔ እከፍላለሁ።»

ይህን ስጠብቅ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ ያን ሰዓት ክንዱን ይዤ የለመንኩት እኔ ሆንኩ። «ተወው አባዬ፤ አይቸኩልም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል» እለዋለሁ። ከአፌ የሚወጣውን ማመን አቃተኝ። እሱ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ።

«ልጄን ውሸት ካስተማርኳትማ በቃ» አለና ቀብዱን ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ቁልፉን ተቀብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እሱ ከኋላ ሆኖ በእጁ እየመራኝ መንጠቆውን ከተጎታቹ ጋር አገናኘን። በከባድ ማርሽ ቀስ አድርጌ ሳብኩት። ጀልባው ሰባት ዓመት ከኖረበት ሲነሳ ጎማው የተቀመጠበት መሬት ጎድጉዶ ቀረ። የግቢው በር ላይ ይይዘዋል ብዬ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ አራት ጣት በዚህ፣ አራት ጣት በዚያ ተርፎት ወጣ። አባቴ የበሩን ስፋት ከመጀመሪያው ቀን ለክቶ ነበር ማለት ነው። እንዲወጣ አድርጎ ሠርቶት፣ እንዳይወጣ ስንት ደከመ! ሰፈሩ «ካፒቴን! ካፒቴን!» እያለ ያጨበጭባል፤ እሱ የሚያየው የጎደጎደውን መሬት ነው።

ጀልባውን መንገድ ዳር አቁሜ ወረድኩ። «ነገ ሐይቁ እናደርሰዋለን» አለኝ። «ከዚያ ትደውያለሽ። እስቲ ደብዳቤውን አምጪና አንብቢልኝ፤ ያን ቀን መነጽሬን ስላልያዝኩ ጫፍ ጫፉን ነው ያየሁት።»

ወደ ክፍሌ ሄድኩ። በመስኮቴ የምሽት ፀሐይ ገብታ አልጋዬ ላይ ተኝታለች፤ የሰባት ዓመት የእንጨት ብናኝ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ይታያል። በሬን ገፋሁት። ምንም ሳይነካው ሄዶ ግድግዳው ጋ ቆመ። እኔ ግን መጀመሪያ ትከሻዬን አስገባሁ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ በጎኔ ገባሁ።

አባቴ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ አየኝ።

«በሩ ተከፍቷል እኮ ልጄ» አለኝ፣ ሹክ ያለ መስሎት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማው።