የበግ ሞራና ጂኒ

በከተማችን በመክነስ ጂኒ ያልተወነጀለበት የተደፈነ ቱቦ የለም። የወጥ ቤታችን ላቫንዲኖ ውሃ አላሳልፍ ሲል ግን አማቴ፣ እመቤት ለማለት «ላላ» የምንላቸው በቱል፣ እኔንም ጨመሩ።

«ቢስሚላህ ሳትይ የፈላ ውሃ ደፋሽበት! ከሥር ያሉትን አቃጠልሻቸው!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሳይጨርሱን ይቺን ሴት ለአባቷ መልሳት።»

ባሌ ኢድሪስ ጺሙን ያሻሽ ጀመር። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ባልዲ ከሥር ደቅኜ የላቫንዲኖውን ጠማማ ቱቦ፣ ሲፎኑን፣ በፒንሳ መፍታት ጀመርኩ።

«ተይ! ጂኒዎቹ ይቆጣሉ!» አሉ አማቴ።

«ይቆጡ! እኔም ተቆጥቻለሁ።»

ሲፎኑ ሲላቀቅ እንደ ሻማ የረጋ የበግ ሞራ ባልዲው ውስጥ ዱብ አለ። ከኢድ ወዲህ ድስታቸውን ለማንም ሳያስነኩ፣ ቅባቱን እዚያ የሚደፉት ላላ በቱል ራሳቸው ናቸው።

«ይኸውልዎት ጂኒዎ፣ ላላ።»

«እኔን ለማዋረድ እነሱ ናቸው ያስቀመጡት!»

ኢድሪስ ሞራውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቃ ዝጊው፤ እናቴን አታሳፍሪያት» አለኝ።

ፒንሳውን እጁ ላይ አስቀመጥኩና ባልዲውን አነሳሁ። «አንተ ዝጋው። ለአባቴ የሚመልሰኝ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይናገር፤ በላዩ ላይ ነው የምደፋው።»

ላላ በቱል ወደ በሩ አፈገፈጉ። ኢድሪስ ተንበርክኮ ሲፎኑን ማሰር ጀመረ።