ሃያ ስድስተኛው ካርድ

የሙዚየሙ አስጎብኚ ቦዠና ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ መትረፉን ያየችው ተማሪዎቹ ሁሉ አንስተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ልጆቹ ሃያ አምስት ናቸው፤ ካርዱም ሃያ አምስት መሆን ነበረበት።

ክው አለች። በሙዚየሙ ልማድ እያንዳንዱ ተማሪ በጦርነቱ ዘመን ከከተማው ተወስዶ የተገደለ የአንድ አይሁዳዊ ሕፃን ካርድ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይም ጮክ ብሎ ያነባል። የከተማው ልጆች ሲመጡ ቦዠና ፍራይዳ የምትባለውን ሕፃን ካርድ ቀድማ ትደብቃለች። ትናንት የመጡት ከሌላ ከተማ፣ ከክራኮቭ ስለነበሩ ከክምሩ ጋር መልሳ ቀላቅላው ነበር። ዛሬ ማውጣቱን ረሳች። የተረፈውን ገልብጣ ብታይ የሌላ ልጅ ነው፤ የፍራይዳ ከአንዱ ተማሪ እጅ ገብቷል። ዛሬ የመጣው ደግሞ የልጇ የካሊና ክፍል ነው።

«አንተ አይሁድ፣ አትግፋኝ!» አለ ኢጎር ጓደኛውን።

«አይሁድ ስድብ አይደለም ብያችኋለሁ» አለች ቦዠና እንደ ወትሮዋ። «እዚህ የምታዩት ሁሉ እንዲህ ባለ ቀልድ ነው የጀመረው።»

የማንበቢያው ሰዓት ሲደርስ የፍራይዳ ካርድ የተገኘው ኢጎር እጅ ነው። «ፍራይዳ፣ ሰባት ዓመት። በወፍጮ መንገድ፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ምድር ቤት ተደበቀች። የቤቱ ባለቤት ለጀርመኖች ጠቆመባት።» ቀና አለ። «ካሊና! የናንተ ቤት እኮ ነው! ምድር ቤታችሁ መንፈስ አለበት በይኛ!»

ልጆቹ ሳቁ። ካሊና አልሳቀችም። «እማ፣ አያትሽ ቤቱን የገዙት ከጦርነቱ በኋላ ነው አላልሽኝም?»

ውሸቱ ቦዠና ምላስ ላይ ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚሁ ቆማ የሌላ ሰው ልጆችን «ዝም አትበሉ» ስትል ኖራለች።

«ዋሽቼሽ ነው። ያኔም የእሱ ነበር። የጠቆመባትም እሱ ነው።»

ሳቁ ቆመ።

ካሊና ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቤት አልገባም አለች። ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ይቺ ልጅ ዛሬ ጥላኝ ትሄዳለች፣ ሁለተኛም እማ አትለኝም እያለች ቦዠና የቀይ ሥር ሾርባ ይዛላት ወጣች። ሾርባው እዚያው ቀዘቀዘ። መሸ።

«ጀርመኖቹ ምን ሰጡት?» አለች ካሊና።

«ስኳር።»

«ማን በላው?»

«እናቴ። አራት ዓመቷ ነበር። ስትሞት ነው የነገረችኝ።»

ካሊና ጉልበቷን አቀፈች። «ነገ ከተማው ሁሉ ያወራብናል።»

«ያወራል።»

«አንቺስ?»

«እኔም አወራለሁ። ለሚመጣው ሁሉ።»

ካሊና ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። የምድር ቤቱን በር ላለመንካት ግድግዳውን ታክካ አለፈች። ቦዠና ተከትላት ገብታ በምድር ቤቱ በር ትንሽ ቆማ አዳመጠች። ከታች ምንም አይሰማም። ከዚያ የውጭውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።