ሻሽ የተከናነበው ሶላር

የትነበርሽ የውኃ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች። ከካቡ ማዶ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የታሰረው የጎረቤቷ የብርቄ ሶላር ጥቁር ሻሽ ተከናንቧል። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ሰው የለም። እሰይ፣ አለች በልቧ።

እሰይ ማለቷ ያለ ነገር አይደለም። አንድ ፕሮጀክት ወደ ቀበሌያቸው ሶላር ይዞ ሲመጣ፣ ቅድሚያ ለችግረኛ ነው ተባለ። ችግረኛ ማለት ደግሞ የሣር ቤት ያለው ማለት ሆነ። የየትነበርሽ ቤት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው የተገዛው በሬ ተሸጦ እንደሆነ፣ ማሳዋ ዛሬ በሰው በሬ እንደሚታረስ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ከኩራዝ በቀር የሚያበራ ነገር እንደሌለ የጠየቃት የለም። በሚቀጥለው ዙር አሏት። ወደ ጎንደር የሚወርደው ትልቁ የኤሌክትሪክ ሽቦ በገብስ ማሳዋ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ለእሷ የሚደርሳት ሽቦው ላይ የሚያርፉት ወፎች ኩስ ነው። እሱንስ ለምዳዋለች። ያልለመደችው ከካቡ ማዶ የሚበራውን ነው።

ብርቄ ባሏ ሞቶባት በሣር ቤት አንዲት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። የትነበርሽ ታዝንላታለች፤ ግን ጀምበር አዘቅዝቃ ያ መብራት ቦግ ሲል ሐዘኔታዋ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ባሏ አስናቀው ስልክ ቻርጅ ላድርግ እያለ ወደዚያ መመላለስ አበዛ። ስልኩን ሰጥቶ ቢመለስ ባልከፋ። ተቀምጦ ተጫውቶ ይመጣና፣ "ሸጋ መብራት ነው፤ መርፌ ቢወድቅ ይታያል" ይላታል። እሷ እርር ድብን ትላለች። ብርቄ ቤት መርፌ የሚፈልገው ምን ሊሰፋ ነው?

ሶላር ብርሃን ካላገኘ እንደማይሞላ የትነበርሽ ታውቃለች። የፕሮጀክቱ ባለሙያ ሙሉቀን ስለ አያያዙ ሲያስተምር፣ ስሜ ይጠራ ይሆናል ብላ ፊት ተቀምጣ ሰምታለች። ብርቄ ያን ቀን አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ ሄዳ ነበር። አሁን ግን የትነበርሽ ዝም አለች። ሻሹ በየጠዋቱ ሶላሩ ላይ ይጣላል፣ ሲመሽ ይነሳል። መብራቱ እየደከመ ሄዶ ድርግም አለ። አስናቀውም ቤቱ መቀመጥ ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት የብርቄ ልጅ ፍሬ ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል።

"እትዬ፣ ትንሽ ጋዝ ቢኖርዎት ብላለች እናቴ።"

"ምነው፣ መብራታችሁስ?"

"እምቢ አለ። ነገ ባለሙያው መጥቶ ያየዋል። ካልሆነ ነቅለው ለተረኛ ይሰጡታል አሉ።"

ተረኛዋ ማን እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። የትነበርሽ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይ ጎንበስ ብላ ጋዙን ቀዳች።

"ሻሹስ ለምንድን ነው?" አለች እንደ ዋዛ።

"ከዓይን ይሰውረው ብላ ነው። ሙቀቱ እንደሆነ በሻሹም ያልፋል። ሲነኩት ይፋጃል።"

"የማንን ዓይን ፈርታ?"

ፍሬ ጠርሙሱን መክደን ያዘች። ክዳኑ እምቢ አላት። እንደ ምንም ገጥማው አመስግና ወጣች።

የትነበርሽ በገነች። እሳት የተጫጫሩ ጎረቤት ናቸው፤ ፍሬ ስትወለድ ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት። ዛሬ ዓይኗ ሰው የሚሸሸው ሆነ? ይበልጥ ያንገበገባት ግን ሐሰት ነው ብላ መማል አለመቻሏ ነው። በየማታው ያን መብራት በምን ዓይን ስታየው እንደኖረች ራሷ ታውቃለች።

በማግስቱ ሙሉቀን ሲመጣ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ብርቄ ለእንግዳው ክብር ሻሹን አንስታ ጉያዋ ከታዋለች። ሙሉቀን ባትሪውን ለካ፤ ባዶ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ ጠየቃት።

"ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ነው የሚውል" አለች ብርቄ። አልዋሸችም።

ሙሉቀን ሌላ ቀበሌ ይጠብቀዋል። እንግዲያስ ባትሪው ነው፣ ወስጄ አስጠግኜ ለተረኛ እሰጣለሁ ብሎ ፒንሳውን አወጣ። የትነበርሽንም ቦታ እንድታዘጋጅ ነገራት። ከሰው መሀል አንዱ፣ ዓይን ክፉ ነው፣ ሲል ተሰማ። ብርቄ መሬት መሬት ታያለች። ፍሬ ግን የትነበርሽን አተኩራ አየቻት።

የትነበርሽ ሶላሩን ትፈልገዋለች። ዛሬ ማታ ቤቷ ቢበራ ምንኛ ደስ ባላት። ግን በበራ ቁጥር በዓይኗ ነቅላ ወሰደችው መባሏ ነው። ኩራዙ ደግሞ ለፍሬ ሊቀር ነው፤ ጭሱ ዓይን እንዴት እንደሚያቃጥል እሷ ታውቀዋለች።

"ቆይ፣ ወንድሜ" አለች። "ቀን ቀን ይሸፈናል። ለዚያ ነው ያልሞላው። እኔ እያየሁ ዝም ብዬ ነው።"

ብርቄ ቀና አለች። "እኔ እኮ ከሰው ዓይን ብዬ…"

"ከእኔ ዓይን ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ምን ያስደብቃል?"

ሙሉቀን ለሶላር የሚያስፈልገው ብርሃኑ እንጂ ሙቀቱ እንዳልሆነ ለብርቄ አስረዳትና፣ እስከ ሳምንት ይሞከር ብሎ ፒንሳውን መለሰ። የትነበርሽ ካቡ ላይ ወጣች። የሶላሩን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ለአራስ ልጅ እንደሚደረገው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ "እንትፍ፣ እንትፍ። ከዓይን ያውጣህ" አለች።

ማንም አልሳቀም። ቅናቷም አልበረደላትም፤ ከካቡ ስትወርድ እንኳ ስንት ሌሊት ይበራ ይሆን እያለች ነበር። ብርቄ ሻሹን ከጉያዋ አውጥታ ምን ልታደርገው እንደሆነ ሳታውቅ ያዘችው። የትነበርሽ ተቀብላ አጣጠፈችው።

"ይኼ እኔ ዘንድ ይቀመጥ" አለቻት። "የአስናቀውንም ስልክ ከእንግዲህ የማመጣው እኔ ነኝ።"