ለእህቴ ሳይክል የሚሆን ዘንግ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሳይክል ጠጋኝ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታላቅ እህቴ «አንተ እኮ እጅህ ብልህ ነው» ብላ ስትክበኝ ምን ቆርጦኝ እሺ እንዳልኩ እስካሁን ስለማይገባኝ ነው።

እህቴ የአንድ ዳቦ ቤት ዳቦ በሳይክል ለደንበኞች ታደርሳለች። ሳይክሏ በዕድሜ ከሁለታችንም ይበልጣል። ሰሞኑን ዳገት ላይ እየጎተተ አስቸገራት፤ ዳቦውም እየዘገየ፣ ቀዝቅዞ መድረስ ጀመረ። ባለቤቲቱ «ሰኞም ከዘገየሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብላታለች። ስፈታው ችግሩ ሁለቱ የፔዳል ክንዶች የሚገጠሙበት፣ መሀል ላይ የሚሽከረከረው ዘንግ ሆኖ ተገኘ። ተበልቷል።

«ከነክንዶቹ አዲስ ልግዛልሽ» አልኳት።

«ክንዶቹን እንዳትነካብኝ! እንደነሱ ያለ ብረት ዛሬ ከየት ይመጣል? ዘንጉን ብቻ።»

ዘንጉን ብቻ! እንደ ቀላል ነገር። መለዋወጫ ሻጩን ሰፈሩ ሁሉ «ምናልባት» ይለዋል፤ ምን ቢጠይቁት ሌላ መልስ የለውም። አሮጌውን ዘንግ በማበጠሪያዬ ለክቼ፣ ጥርሱ ላይ ምልክት አድርጌ ሄድኩ። ዘንጉን ራሱን ይዞ መሄድ እንደሚቻል ትዝ ያለኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

«ይሄ ይሆናል?»

«ምናልባት።»

አልሆነም። ረዘመና ሰንሰለቱ ተንጋዶ ይንጫጫ ጀመር። ሁለተኛው አጠረ፤ ክንዱ ከሳይክሉ ብረት ጋር ተፋጨ። ሦስተኛው ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጫፉ ወፍራም ነው፤ ክንዱ ግማሽ መንገድ ገብቶ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። በዚህ ላይ የአንዱ ጎን ማሰሪያ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ የሌላው ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል። የፈታሁ እየመሰለኝ ሳጠብቅ ዋልኩ። ራሴ ዞረ። አንዱን ደንበኛዬን በአንድ ወገን ብቻ ቆርጬ ልሸኘው ስል በመስታወት አይቶ ጮኸብኝ።

አሮጌው ዘንግ ደግሞ ባገላበጥኩት ቁጥር ሌላ ጥያቄ ያመጣብኛል። የግራ ጫፉ ማዕዘኑ ተልጦ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ የቀኙ ግን ትናንት የተሠራ ይመስላል። አንድ ብረት በአንድ ወገን ብቻ እንዴት ያረጃል? ወስጄ ለምናልባት አሳየሁት። ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ እንጃ» አለኝ።

አራተኛው ገጠመ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን በሳይክሉ ወጣሁት፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ይንሸራተታል። ደስታዬን አልደብቅም፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

«በይ ሞክሪው» ብዬ ሰጠኋት።

የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወርዳ እየገፋች ተመለሰች።

«ያው ነው» አለች፣ ፊቴን ሳታይ።

ደሜ ፈላ። «ምኑ ነው ያው? አሁን እኔ ወጥቼበት የለም እንዴ!» ነጥቄያት ደግሜ ወጣሁ። ምንም የለውም። እሷ ስትይዘው የሚታመም፣ እኔ ስይዘው የሚድን ሳይክል አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«እንደገና ንጂው፤ ጎን ጎንሽ እየሄድኩ ላዳምጠው» አልኳት።

አንገቴን ወደ ዘንጉ አዘንብዬ አብሬያት ተራመድኩ። ድምፅ የለም። ዐይኔ ግን እግሯ ላይ ወደቀ። ግራው ይረግጣል። ቀኙ ፔዳሉ ላይ ተቀምጦ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይገፋም።

«እታለም፣ እስቲ በቀኝሽ ርገጪ።»

«እየረገጥኩ ነው እኮ።»

ሳይክሉን ይዤ አቆምኩት። ያን ሁሉ ዳቦ ያን ሁሉ ዳገት በአንድ እግሯ ስታወጣ ከርማለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ብረት እለካለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። መጀመሪያ ደነዘዘኝ፤ አሁን አሁን ያለም አይመስለኝም።»

«ነገ ዳቦውን እኔ አደርሳለሁ። አንቺ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ።»

እንቢ ትለኛለች ብዬ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተከራከረችኝም። መንገዱ ዳር ተቀመጠችና ቀኝ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያኔ ሳይክሉን ፈተህ፣ ችግሩ ዘንጉ ነው ስትለኝ» አለች፣ «እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»